ከቢጫው ባንዲራ በታች

በሰሜን ቨርጂኒያ፣ ብዙ ሐበሻ ከሚኖርበት ከቤይሊስ ክሮስሮድስ የጥቂት ደቂቃ የመኪና መንገድ ርቆ፣ ፎልስ ቸርች ውስጥ ኤደን ሴንተር የሚባል የቬትናሞች ገበያ አለ። በመኪና ማቆሚያው ሁለት ባንዲራዎች ጎን ለጎን ይውለበለባሉ፤ አንዱ የአሜሪካ ነው፣ ሌላው በቢጫ መደብ ላይ ሦስት ቀጫጭን ቀይ መስመሮች በአግድም የተሰመሩበት ነው። ወደ አሜሪካ በመጣሁበት የመጀመሪያ ዓመት የቬትናም ባንዲራ ይህ ይመስለኝ ነበር። የዛሬዪቱ ቬትናም ባንዲራ ቀይ መደብ ላይ ቢጫ ኮከብ ያለበት መሆኑን፣ ይህኛው ደግሞ ኤፕሪል 30 ቀን 1975 ከምድር ላይ የጠፋ መንግሥት ባንዲራ መሆኑን የነገሩኝ፣ ዲሲ መሀል በአንድ ፓርኪንግ ውስጥ የማታ ፈረቃ አብሬያቸው እሠራ የነበሩ አዛውንት ቬትናማዊ ናቸው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እኛ ሐበሾቹ በመካከላችን «ጋሼ» ነበር የምንላቸው። በደቡብ ቬትናም ጦር ውስጥ የመቶ አለቃ ነበሩ። የደቡቡ መዲና ሳይጎን ስትወድቅ ለጥቂት ቀናት ትምህርት ትሄዳላችሁ ተብለው ስንቃቸውን ይዘው ከቤት ወጡና ስድስት ዓመት ታስረው ቆዩ። የታሰሩበት ካምፕ ስም ወደ አማርኛ ቢመለስ «ተሃድሶ» የሚለው ቃል ይገልጸዋል፤ ቃሉ ለእኛም ጆሮ እንግዳ ስላልሆነ ብዙ ማብራራት አላስፈለጋቸውም። በካምፖቹ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ለታሰሩ ሰዎች አሜሪካ በከፈተችው ፕሮግራም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከነቤተሰባቸው መጡ።

ከዚያ ፓርኪንግ የወር ደንበኞች አንዱ ቬትናም የዘመተ አሜሪካዊ ነበር። አንድ ምሽት ቁልፉን እየተቀበለ ጋሼን ከየት እንደመጡ ጠየቃቸው፤ ሲነግሩት ፊቱ ተለዋወጠ፣ ቆም ብሎም «እዚያ መሄድ አልነበረብንም፤ ስሕተት ነበር፤ ስለ አገራችሁ በጣም አዝናለሁ» አላቸው። ከልቡ እንደሆነ ያስታውቅ ነበር። ጋሼ አመስግነው መኪናውን አወጡለት። ከሄደ በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ተቀመጡና «ይህ ሰው ደግ ነገር የተናገረኝ መስሎታል፤ እኔ ግን የሰማሁት ወንድምህ በከንቱ ሞተ ሲለኝ ነው» አሉኝ።

ስለዚያ ጦርነት ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ምሽት በኋላ ነው። ካነበብኩት ሁሉ እስከ ዛሬ የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። አሜሪካ ወደ ቬትናም የገባችው ኮሚኒዝምን ለማቆም ነበር፤ ዛሬ ስለ ጦርነቱ የሚጠየቅ አሜሪካዊ ግን ኮሚኒዝም የሚለውን ቃል የሚያነሣው ዘግይቶ ነው፣ ካነሣው። በሃኖይ ያለውን መንግሥት የሚመራው እስከ አሁን ራሱን ኮሚኒስት ብሎ የሚጠራ ፓርቲ ሆኖ ሳለ፣ እሱም ጦርነቱን የሚተርከው እንደ ነጻነትና እንደ አንድነት ተጋድሎ ነው። «እኛ የተዋጋነው ከኮሚኒዝም ጋር ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ዛሬም ያለማመንታት የሚናገሩት በቢጫው ባንዲራ ሥር የሚሰበሰቡት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ የእነሱ ሙታን ስም ደግሞ በሁለቱም አገር መታሰቢያ ላይ የለም።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ለጦርነት ስም የሚያወጡለት ግን የተረፉት ናቸው። አሜሪካኖች «የቬትናም ጦርነት» ይሉታል፣ ብዙ ጊዜም «ቬትናም» ብቻ ብለው ያልፋሉ፤ መቶ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት አገር ስም በእነሱ ቋንቋ የአንድ የከፋ ዘመን ስም ሆኖ ቀርቷል። በቬትናም ይፋዊ አጠራር «አሜሪካን ተቋቁሞ አገርን የማዳን ተጋድሎ» ነው፤ ከእሱ በፊት ፈረንሳይን የመቋቋሙ ተጋድሎ ነበረ፣ ከዚያም በፊት ለአንድ ሺህ ዓመት ያህል የገዛቻቸውን ቻይናን የመቋቋሙ። በዚህ ሰልፍ ውስጥ አሜሪካ ከብዙ ተረኞች አንዷ እንጂ የታሪኩ መሀል አይደለችም። ኤፕሪል 30 እዚያ የደቡቡ ነጻ መውጫና የአገሪቱ መዋሃጃ በዓል ስለሆነ ሥራ ይዘጋል፣ ሰልፍ ይወጣል። ያው ቀን በኤደን ሴንተር «ጥቁር ኤፕሪል» ይባላል፤ በቬትናምኛ ያለውን ሌላ ስሙን ጋሼ ሲያስረዱኝ ከሐዘን ይልቅ «ብሔራዊ ቁጭት» ለሚለው ይቀርባል።

የሃኖይ ትረካ ከመሬት ተነሥቶ የተፈጠረ አይደለም። የቬትናም ኮሚኒስቶች መሪ ሆ ቺ ሚን ሴፕቴምበር 2 ቀን 1945 በሃኖይ ባ ዲን አደባባይ ነጻነት ሲያውጅ ንግግሩን የከፈተው ከአሜሪካ የነጻነት አዋጅ በተወሰዱ ቃላት ነበር። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የስለላ ድርጅት መኮንኖች ጫካ ድረስ ሄደው ተዋጊዎቹን ጃፓንን እንዲወጉ አሠልጥነውለታል። ለፕሬዚዳንት ትሩማን ደብዳቤ ቢጽፍም መልስ አላገኘም፤ አሜሪካ በአውሮፓ የምትፈልጋትን ፈረንሳይን ማስቀየም አልፈለገችም። ፈረንሳይ ሜይ 7 ቀን 1954 በዲየን ቢየን ፉ ተሸነፈች፤ ከዚያ በጄኔቫ በተደረሰው ስምምነት አገሪቱ በ17ኛው የኬክሮስ መስመር ላይ ለጊዜው ተከፍላ በ1956 በምርጫ እንድትዋሃድ ተወሰነ። ምርጫው አልተደረገም። በሳይጎን በአሜሪካ ድጋፍ የተሾመው ንጎ ዲን ዲየም እምቢ አለ፤ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ራሱ በኋላ በጻፈው ማስታወሻ፣ ውጊያው በነበረበት ጊዜ ምርጫ ቢደረግ ኖሮ ከሕዝቡ 80 በመቶ ያህሉ ሆ ቺ ሚንን ሳይመርጥ እንደማይቀር አስፍሯል።

ይሁንና ይህ ትረካ የሚዘላቸው ገጾች አሉ፤ ጋሼም አጥብቀው የሚይዙት እነዚያን ገጾች ነው። ከጄኔቫ በኋላ ከስምንት መቶ ሺህ እስከ አንድ ሚሊዮን የሚደርስ ሕዝብ፣ አብዛኛው ካቶሊክ፣ ቤቱንና መሬቱን ትቶ ከሰሜን ወደ ደቡብ ተሰደደ። በሰሜን በተካሄደው የመሬት ሥሪት ለውጥ «ባለርስት» የተባሉ ብዙ ሺህ ሰዎች ተገደሉ፤ ፓርቲው በ1956 ስሕተት መፈጸሙን በይፋ አምኖ ዋና ጸሐፊውን ከቦታው አነሣ። በ1959 በደቡብ የትጥቅ ትግል እንዲጀመር የተወሰነው በዚያው ፓርቲ ነው፤ ውሳኔውን ከሁሉ በላይ የገፋው ሌ ዙዋንም በማርክስና በሌኒን ከልቡ የሚያምን ሰው ነበር። መሣሪያው ከሶቪየት ኅብረትና ከቻይና ይመጣ ነበር፤ ከ300 ሺህ የማያንሱ የቻይና ወታደሮችም እየተፈራረቁ በሰሜን መንገድ ሲሠሩና አውሮፕላን ሲመክቱ ቆይተዋል። ስለዚህ «ነገሩ የነጻነት እንጂ የኮሚኒዝም አልነበረም» የሚለው አባባል ለእኔ ግማሽ እውነት ነው፤ ሃኖይ የነበሩት ሰዎች ሁለቱን ለያይተው አያውቁም ነበር።

ይህን በመጽሐፍ ከማንበቤ በፊት የነገረኝ አጎቴ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ (የዛሬው የአዲስ አበባ) ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሆ ቺ ሚንን ስም ከቼ ጉቬራ ስም ጋር እያነሡ ይዘምሩ በነበረበት ዘመን እሱም አብሯቸው ነበር። «ሆ ቺ ሚን ለእኛ ኮሚኒስት ስለነበር አልነበረም ጀግና የሆነው፣ አርበኛ ስለነበር ብቻም አልነበረም፤ መሬት ላራሹና አብዮት አንድ ቃል ነበር የሚመስለን» ይላል። ያ ትውልድ የደረሰበትን ሁላችንም ስለምናውቅ አልዘረዝረውም። ደርግን ሸሽቶ ሱዳን የገባው አጎቴ አሜሪካ የደረሰበት የ1980ው የስደተኞች ሕግ ግን የወጣው በአብዛኛው የቬትናም፣ የካምቦዲያና የላኦስ ስደተኞች ባስነሡት ጥያቄ ምክንያት ነበር። ሆ ቺ ሚንን ሲያወድስ ያደገው ሰው፣ ከሆ ቺ ሚን ወራሾች ለሸሹ ሰዎች በተከፈተ በር ገባ ማለት ነው። ይህን ስነግረው ሳቀና «እና ለቬትናሞቹ ምሳ ልጋብዛቸው?» አለኝ።

ወደ አሜሪካኖቹ ልመለስ። ወደ ጦርነቱ ሲገቡ አስተሳሰባቸው ቀላል ነበር፤ አይዘንሃወር በ1954 እንደተናገረው አንዱ የዶሚኖ ድንጋይ ከወደቀ ተከታዮቹም ይወድቃሉ። በኦገስት 1965 የሕዝብ አስተያየት የሚመረምረው ጋሉፕ ሕዝቡን ሲጠይቅ ወታደር መላኩ ስሕተት ነው ያለው 24 በመቶ ብቻ ነበር፤ በሜይ 1971 ግን 61 በመቶ ደረሰ። በመካከሉ ከ540 ሺህ በላይ ወታደር በአንድ ጊዜ እዚያ የነበረበት 1969 አለ፣ በ1968 መጀመሪያ የሳይጎኑን የአሜሪካ ኤምባሲ ግቢ ሳይቀር ያናወጠው፣ ኮሚኒስቶቹ በቬትናም አዲስ ዓመት የከፈቱት የቴት ጥቃት አለ፣ በዚያው ዓመት ማርች 16 ቀን በሚ ላይ መንደር በቬትናሞች ቆጠራ 504 ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሎች፣ በአሜሪካ ወታደሮች የተጨፈጨፉበት ቀን አለ። ከዚያ ወዲህ አሜሪካኖች የሚከራከሩት ስለ ራሳቸው ነው። ሬገን በ1980 «ክቡር ዓላማ ነበር» አለ፤ ሌሎች ስሕተት ነው ይላሉ፣ ሌሎች ደግሞ ወንጀል። ክርክሩ ግን ሁልጊዜ ስለ አሜሪካ ክብር፣ ስለ አሜሪካ ኃጢአት፣ ስለ አሜሪካ ወጣቶች ነው። ቬትናሞቹ በዚያ ተውኔት ውስጥ ወይ ገዳይ ናቸው፣ ወይ ሟች፤ ሲናገሩ እምብዛም አይሰማም።

የመከላከያ ሚኒስትር የነበረው ሮበርት ማክናማራ በ1995 ባሳተመው ማስታወሻ «ተሳስተን ነበር፣ እጅግ ተሳስተን ነበር» ብሎ ጻፈ፤ ከስሕተቶቹም አንዱ የቬትናሞችን የብሔርተኝነት ስሜት ኃይል አለመረዳታቸው መሆኑን አመነ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ሃኖይ ሄዶ የቀድሞ ባላጋራውን ጄኔራል ቮ ንጉየን ዛፕን ሲያገኝ፣ ለጦርነቱ መስፋፋት ሰበብ ስለሆነው ኦገስት 4 ቀን 1964 በቶንኪን ባሕረ ሰላጤ በአሜሪካ መርከቦች ላይ ደረሰ ስለተባለው ጥቃት ጠየቀው፤ ዛፕም በዚያ ቀን ምንም አልተደረገም አለው። የዶሚኖው ነገርማ በራሱ ጊዜ ፈረሰ፤ ሳይጎን ከወደቀች አራት ዓመት ሳይሞላ ኮሚኒስት ቬትናም ኮሚኒስት ካምቦዲያን ወረረች፣ ኮሚኒስት ቻይናም በፌብሩዋሪ 1979 ቬትናምን ወጋች።

የቬትናም ሰዎች ለአሜሪካ ያላቸው አመለካከት ብዙ ሐበሻ ጓደኞቼን ያስገርማቸዋል። ፒው የተባለው የጥናት ተቋም በ2017 ባደረገው መጠይቅ 84 በመቶ የሚሆኑ ቬትናሞች አሜሪካን በበጎ ዓይን እንደሚያዩ ተናግረዋል። ሳይጎን ውስጥ ያለው የጦርነት ሙዚየም ስም ታሪኩን በአጭሩ ይነግረናል፤ በ1975 ሲከፈት «የአሜሪካና የአሻንጉሊቶቿ ወንጀል ማሳያ ቤት» ነበር፣ በ1990 የአሜሪካም የአሻንጉሊቶቹም ስም ተነሥቶ «የጦርነትና የወረራ ወንጀል» ተባለ፣ ግንኙነቱ በታደሰበት በ1995 ደግሞ «የጦርነት ቅሪቶች ሙዚየም» ሆነ። በኋላ የአሜሪካ ሴናተር የሆነው አብራሪ ጆን ማኬይን በ1967 አውሮፕላኑ ተመትቶ በወደቀበት በሃኖይ ቹክ ባክ ሐይቅ ዳር፣ የተማረከበትን ቀን የሚያስታውስ ሐውልት ቆሟል፤ ሐውልቱ የተሠራው ለድል ማስታወሻ ነበር፣ ማኬይን በ2018 ሲሞት ግን የሃኖይ ሰዎች አበባ አኖሩበት።

ምክንያቱ ምንድን ነው ብትሉ፣ አንደኛው ያሸነፉ መሆናቸው ነው፤ ላሸነፈ ሰው ይቅር ማለት አይከብደውም። ከሕዝቡ አብዛኛው ከ1975 በኋላ የተወለደ መሆኑም አለ፣ ከ1986ቱ ዶይ ሞይ ከተባለው የኢኮኖሚ ለውጥ በኋላ የመጣው ንግድም አለ። ከሁሉ በላይ ግን ቻይና አለች፤ አሜሪካ መጥታ ሄዳለች፣ ቻይና ግን ከሰሜን ድንበራቸው የትም አትሄድም። እንዲህ ሲባል ቁስሉ ሽሯል ማለት አይደለም። ከ1961 እስከ 1971 በደኑና በእርሻው ላይ ከ70 ሚሊዮን ሊትር በላይ ቅጠል አርጋፊ መርዝ ተረጭቷል፤ በዳናንግ አውሮፕላን ማረፊያ አፈር ውስጥ የቀረውን ዳዮክሲን የማጽዳቱ ሥራ ያለቀው በ2018 ነው፣ የቢየን ሆዋው ደግሞ ከዚያ በኋላ ተጀመረ።

ጋሼ ይህን የ84 በመቶ ነገር ስነግራቸው አልተገረሙም። «ከአሜሪካኖች ጋርማ ታረቁ፤ ከእኛ ጋር ነው ያልታረቁት» አሉ።

እውነታቸውን ነው። የደቡቡን መንግሥት ሰዎች ለመጥራት ሃኖይ ለአሥርት ዓመታት የተጠቀመችበት ቃል አሻንጉሊት፣ ሐሰተኛ የሚል ነው፤ በእኛ አማርኛ «ባንዳ» የሚለው ቃል የሚያደማውን ያህል ያደማል። በ1995 የቬትናም መንግሥት ይፋ ያደረገው ቆጠራ የሰሜኑና የቬትኮንግ (በደቡብ የሚዋጉት የኮሚኒስት ሽምቅ ተዋጊዎች) ሙታን 1.1 ሚሊዮን፣ ሲቪሎቹ ደግሞ 2 ሚሊዮን ያህል መሆናቸውን ገለጸ። የደቡቡ ጦር ሙታን ከ200 ሺህ በላይ እንደሆኑ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ፤ እነሱ በ1.1 ሚሊዮኑ ውስጥ የሉም። በየወረዳው ያለው የሰማዕታት መቃብር ለአንደኛው ወገን ብቻ ነው። የደቡቡ ጦር ትልቁ መቃብር በቢየን ሆዋ ነበር፤ በደጁ ተቀምጦ የሚያዝነው የወታደር ሐውልት በ1975 ተገርስሶ ተወሰደ፣ ቦታውም እስከ 2006 ድረስ በወታደር የተዘጋ ነበር። የጠፉ አሜሪካውያንን አጥንት ሁለቱ መንግሥታት ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አብረው እየቆፈሩ ይፈልጋሉ፤ በጥርሱ፣ በዘረ መሉ (ዲኤንኤ) ለይተው ለቤተሰቡ ያስረክባሉ። የሰሜኑ ወታደር አጥንት ካልተለየ በመቃብሩ ላይ «ስሙ ያልታወቀ ሰማዕት» ተብሎ ይጻፍለታል። የጋሼ ወንድም ግን ከሁለቱም አንዱ አይደለም።

ወንድማቸው በ1972 በኩዋንግ ቺ ውጊያ ነው የሞተው፤ አስከሬኑ አልተገኘም። የእናታቸው ወንድም ደግሞ በ1954 ወደ ሰሜን ከሄዱት አንዱ ነበር፤ በሌላኛው ሰልፍ ተዋግቶ ሞተ፣ መቃብሩ ላይም ኮከብ አለ። አያታቸው ልጅም የልጅ ልጅም አጡ ማለት ነው። ከ1975 በኋላ በቤታቸው ግድግዳ ላይ መንግሥት የሰጠው የአጎትየው የሰማዕትነት ወረቀት ተሰቀለ፤ የልጅ ልጃቸውን ፎቶግራፍ ግን የወታደር ልብስ ስለለበሰ አያትየው ከአጎቱ ፎቶግራፍ ኋላ በዚያው ማዕቀፍ ውስጥ አስገብተው ዕጣኑን ለሁለቱም በአንድ ጊዜ ያጤሱ ነበር። ይህን ሲነግሩኝ የእኛን «የገደለው ባልሽ፣ የሞተው ወንድምሽ፣ ሐዘንሽ ቅጥ አጣ፣ ከቤትሽም አልወጣ» በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ተረጎምኩላቸው። ሁለት ጊዜ አስደግመው ሰሙኝ።

ከፓርቲው ውስጥም ነገሩን ያየው ሰው ነበረ። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ቮ ቫን ኪየት፣ በ1966 ባለቤቱንና ሁለት ልጆቹን በአሜሪካ ጥቃት ያጣ ሰው፣ ኤፕሪል 30 ሲታወስ ሚሊዮኖች የሚደሰቱበት፣ ሚሊዮኖችም የሚያዝኑበት ቀን መሆኑን በ2005 ተናግሯል። በባሕር ማዶ ያሉትም ቢሆኑ ይቅር ባይ ናቸው ማለት አልችልም። በ1999 በካሊፎርኒያ ዌስትሚንስተር ከተማ አንድ የቪዲዮ ቤት ባለቤት የሆ ቺ ሚንን ፎቶግራፍና ቀዩን ባንዲራ በሱቁ ውስጥ በመስቀሉ ለሳምንታት ሰልፍ ተወጣበት፤ ሰልፉ ሲበረታ እስከ 15 ሺህ ሰው ተሰብስቧል። ጋሼም ቢሆኑ አንድ ወጣት ከሃኖይ ለትምህርት መጥቶ እኛ ጋ ሥራ ሲጀምር ለወር ያህል አላናገሩትም። በኋላ የሩዝ ምሳቸውን ሲያካፍሉት አይቻለሁ፤ ስለ ፖለቲካ ግን አንድም ቀን ሲያወሩ አልሰማሁም።

ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት በነበረው ጸደይ አብረን ወደ ቬትናም ዘማቾች መታሰቢያ ግድግዳ ሄድን። ዲሲ ያን ያህል ዓመት ሲኖሩ አይተውት አያውቁም ነበር። ያኔ የ21 ዓመት ተማሪ የነበረችው ማያ ሊን የነደፈችውና በ1982 የተመረቀው ይህ ጥቁር ድንጋይ ከ58 ሺህ በላይ ስሞች ተጽፈውበታል፤ ሁለቱ ክንፎቹ ተደምረው 150 ሜትር ይሆናሉ። በዚያው አጻጻፍ በቬትናም መንግሥት ቆጠራ ውስጥ ላሉት ብቻ ግድግዳ ቢሠራ ወደ ስምንት ኪሎ ሜትር እንደሚረዝም በልቤ አሰላሁ፤ ለጋሼ ግን አልነገርኳቸውም፣ በዚያ ስሌት ውስጥም ወንድማቸው የለም።

ስሞቹ የተደረደሩት በፊደል ተራ ሳይሆን በሞቱበት ቀን ቅደም ተከተል ነው። ጋሼ ይህን ያውቁ ኖሯል። ጎብኚዎችን ወደሚረዱት በጎ ፈቃደኛ ሽማግሌ ጠጋ ብለው በ1972 በኤፕሪል ወር መጨረሻ የሞቱት የተጻፉት የት ላይ እንደሆነ ጠየቁ። ሰውየው መዝገቡን ከፍቶ «የማንን ስም ልፈልግልዎት?» አላቸው።

«ስም የለኝም፤ ቀኑን ብቻ ነው» አሉት።

ሽማግሌው መዝገቡን ዘጋ። ምንም ሳይጠይቃቸው ቀድሞ እየሄደ ወደ ምዕራቡ ክንፍ ወሰዳቸውና፣ ጎንበስ ብሎ በሁለት የማያውቋቸው ሰዎች ስም መካከል ጣቱን አሳረፈ።